የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የወታደር ፎቶዎችና ቅርሶች አሰባሰብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ1861 እስከ 1865 የተካሄደውን ጦርነት ፎቶዎችና ዕቃዎች መሰብሰብ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሰሜኑ» ስል የአሜሪካን ፌዴራል መንግሥትና ከእሱ ጋር የቆሙትን ክፍለ ግዛቶች፣ «ደቡቡ» ስል ከእሱ ተገንጥለው የተዋጉትን ክፍለ ግዛቶች ማለቴ ነው።

የዚያን ዘመን የወታደር ፎቶ ስንት ዓይነት ነው? በምን ልለየው?

አራት ዓይነት ታገኛላችሁ። ዳጌሮታይፕ ብር በተለበጠ የመዳብ ሳህን ላይ የተነሣ ምስል ነው። ዘንበል ስታደርጉት እንደ መስታወት የራሳችሁን ፊት ያሳያችኋል። ጦርነቱ ሲጀመር ግን ጊዜው እያለፈበት ነበር። ስለዚህ ሻጭ «የ1863 ዳጌሮታይፕ ነው» ካላችሁ ቆም ብላችሁ መርምሩ። ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል።

አምብሮታይፕ መስታወት ላይ ነው። ምስሉ በራሱ የደበዘዘ ኔጋቲቭ (ብርሃኑና ጥላው የተገላበጠ ምስል) ነው፤ ከጀርባው ጥቁር ነገር ሲደረግለት ሰው ሆኖ ይታያል። የጀርባው ጥቁር ቀለም ሲላጥ ሰውየው የተበሳሳ ይመስላል። አትደንግጡ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉ ራሱ አልተነካም። ቲንታይፕ ደግሞ ጥቁር ቫርኒሽ የተቀባ ስስ ብረት ላይ ነው። «ቲን» ይባል እንጂ ቲን የሚባለው ማዕድን የለበትም። የፈጠራ መብቱ አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበው በ1856 ነው፤ ጦርነቱ ሊጀመር አምስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። አይሰበርም፣ ይቀላል፣ ርካሽ ነው፣ በደብዳቤ ውስጥ ይላካል። ሁለቱም ማህደር (ፎቶው የሚቀመጥበት ትንሽ መያዣ) ውስጥ ሲሆኑ መለየት ካቃታችሁ ትንሽ ማግኔት ከፊት መስታወቱ አስጠጉ። ከሳበው ቲንታይፕ ነው።

አራተኛው ካርት ደ ቪዚት ነው። በእንቁላል ነጭ የተዘጋጀ ስስ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ካርቶን ላይ ይለጠፋል። ሦስቱ ሳህኖች እያንዳንዳቸው አንድ ለእናቱ ናቸው። ይሄኛው ግን ከኔጋቲቭ ስለሚታተም በደርዘን ይባዛ ነበር። ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ስምና ከተማ አለ። ጀማሪ ሰው ያንን ጀርባ ሳያይ ያልፈዋል፤ እኔ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ተራ ወታደር ያን ያህል ፎቶ የመነሣት አቅም ነበረው?

ነበረው። የሰሜኑ ጦር ተራ ወታደር በወር 13 ዶላር ያገኝ ነበር። ርካሽ ቲንታይፕ በሳንቲሞች ይገኝ ነበር። ፎቶ አንሺዎች ድንኳናቸውን ይዘው ጦር ሰፈሩን ይከተሉ ነበር። ወታደሩ ለቤተሰቡ የራሱን ይልካል፤ ኪሱ ውስጥ ደግሞ የነሱን ይይዛል።

ያ በኪስ የሚያዝ ፎቶ ምን ማለት እንደነበር የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። በሐምሌ 1863 ትልቅ ውጊያ በተካሄደበት በጌቲስበርግ ከተማ አንድ የሰሜን ወታደር ሞቶ ተገኘ። ስሙን የሚናገር ወረቀት የለም። በዚያ ጦርነት መንግሥት ለወታደር የስም ሰሌዳ አይሰጥም ነበር። እጁ ላይ የሦስት ልጆች አምብሮታይፕ ብቻ አለ። የዚያን ጊዜ ጋዜጣ ፎቶ ማተም ስለማይችል፣ የፊላደልፊያ ጋዜጣ የልጆቹን መልክና ልብስ በቃላት ጽፎ «የማን አባት ነበር?» ሲል ጠየቀ። ወሬው ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ተዛምቶ ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ያለች አንዲት ሚስት ጆሮ ደረሰ። የፎቶው ቅጂ ሲላክላት የራሷን ልጆች አየች። ሟቹ የ154ኛው የኒው ዮርክ ሬጅመንት (ክፍለ ጦር) ሃምሳ አለቃ አሞስ ሂውሚስተን ነበር። የልጆቹ ፎቶ ካርት ደ ቪዚት ሆኖ እየተባዛ ተሸጠ። ገቢው ጌቲስበርግ ላይ በ1866 ለተከፈተው የወታደር ወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ማቋቋሚያ ዋለ። ሂውሚስተንን ስሙን የመለሰለት ያ ትንሽ መስታወት ነው።

በትንሽ ገንዘብ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ስሙ ያልታወቀ የሰሜን ወታደር ካርት ደ ቪዚት ብዙ ጊዜ በአስሮች ወይም በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ከመሬት የወጣ ተራ የእርሳስ ጥይት የጥቂት ዶላር ዕቃ ነው። ዋጋ የሚያስወድደው ስሙ የታወቀ ሰው፣ የጦር መሣሪያ በግልጽ መታየቱ፣ የሳህኑ ትልቅነትና የምስሉ ጥራት ነው። የደቡቡ ወታደር ፎቶ ከሰሜኑ ይወደዳል። ደቡቡ ወደቡ ተዘግቶበት ኬሚካልና ሳህን ስላጠረው፣ በተለይ ከጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት የቀረው ጥቂት ነው።

ምክሬን ከጠየቃችሁ፣ በአሥር የደበዘዙ ፎቶዎች ፈንታ አንድ ጥርት ያለ ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ ብዙ እዩ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ2010 ጀምሮ የተበረከተለትን የሊልየንኲስት ቤተሰብ ስብስብ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጧል። በብዙ መቶ የሚቆጠሩ አምብሮታይፕና ቲንታይፕ አጉልታችሁ ታያላችሁ። አንድ ወር ያንን ያየ ሰው ዓይኑ ይለወጣል።

ፎቶው በእርግጥ በጦርነቱ ጊዜ የተነሣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ለካርት ደ ቪዚት ጥሩው ማስረጃ የቀረጥ ቴምብር ነው። የሰሜኑ መንግሥት ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 መጀመሪያ ድረስ በፎቶ ላይ ቀረጥ ጥሎ ነበር። እስከ 25 ሳንቲም ለሚሸጥ ፎቶ 2 ሳንቲም፣ እስከ 50 ሳንቲም 3፣ እስከ አንድ ዶላር 5 ሳንቲም። ፎቶ አንሺው ቴምብሩን ጀርባው ላይ ለጥፎ በብዕር ይሰርዘዋል፤ አንዳንዱ ቀኑንም ይጽፍበታል። ቴምብር ከሌለ ፎቶው ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ካለ ግን ጊዜውን በሁለት ዓመት ውስጥ አጥብቦ ይሰጣችኋል።

ሌላው ኮፍያ ነው። የፖቶማክ ጦር በሚባለው የሰሜኑ ሠራዊት ውስጥ እያንዳንዱ ኮር (ብዙ ሬጅመንቶችን የያዘ ትልቅ የጦር ክፍል) የራሱ ምልክት እንዲኖረው የተደረገው በመጋቢት 1863 ነው። ለ1ኛው ኮር ክብ፣ ለ2ኛው ባለ ሦስት ቅጠል፣ ለ3ኛው ዳይመንድ። ስለዚህ ኮፍያው ላይ ባለ ሦስት ቅጠሉን ያደረገ ወታደር በ1861 የተነሣ ሊሆን አይችልም።

ጠመንጃውን ለምን በግራው ያዘ? የኮቱ ቁልፎችስ ለምን በተቃራኒው ሆኑ?

ቲንታይፕና አብዛኛው አምብሮታይፕ እንደ መስታወት ግራና ቀኙን ያቀያይራል። የቀበቶው ዘለበት ላይ ያለው «ዩኤስ» ተገልብጦ ይታያል። ይህን የሚያውቁ አንዳንድ ወታደሮች ትጥቃቸውን ሆን ብለው አዙረው ይነሡ ነበር። በዚህ ምክንያት «ግራኝ ነበር» ብላችሁ አትጻፉ።

ቀለምም ያታልላል። የዚያን ዘመን ኬሚካል የሚያየው ሰማያዊን እንጂ ቀይና ቢጫን አይደለም። የፈረሰኛው ቢጫ ጥለትና የመድፈኛው ቀይ ጥለት ጥቁር ይሆናሉ፤ የእግረኛው ውሃ ሰማያዊ ይነጣል። ሰማያዊ ዓይን ያለው ሰው ዓይነ ስውር የሚመስለው ለዚህ ነው። ቁልፍና ዘለበት ላይ የምታዩት ወርቃማ ነጠብጣብ፣ ጉንጭ ላይ ያለው ሮዝ፣ በፎቶ አንሺው እጅ የተቀባ ነው።

ያልታወቀውን ወታደር ስሙን ማግኘት ይቻላል?

አንዳንዴ ይቻላል። ለኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ይሄ ነው። መጀመሪያ ፎቶው ያለውን ሁሉ ጻፉ፦ ኮፍያው ላይ ያለ ቁጥርና ፊደል፣ የማዕረግ ምልክት፣ የፎቶ ቤቱ ከተማ፣ ከኋላ ያለው ሥዕል። ከኋላ የሚሰቀለው የተቀባ ሸራ የፎቶ ቤቱ መታወቂያ ነው ማለት ይቻላል። ሴንት ሉዊስ አጠገብ የነበረው የቤንተን ባራክስ ሸራ ለምሳሌ በብዙ ፎቶዎች ላይ ስለሚገኝ ሰብሳቢዎች ገና ሲያዩት ያውቁታል። ሸራው ታወቀ ማለት ቦታው ታወቀ ማለት ነው። ቦታው ከታወቀ በዚያ የሰፈሩትን ሬጅመንቶች መፈለግ ይቻላል።

ስም ወይም ግማሽ ስም ካላችሁ የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች መሥሪያ ቤት የወታደሮች ዝርዝር 6.3 ሚሊዮን ገደማ መዝገብ አለው፤ በነፃ ይፈለጋል። ከዚያ ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ትሄዳላችሁ። የአገልግሎት መዝገቡ ዕድሜውን፣ ቁመቱን፣ የዓይኑንና የፀጉሩን ቀለም ሊነግራችሁ ይችላል። የጡረታ ፋይል ካለው ደግሞ ቁስሉን፣ ትዳሩን፣ አንዳንዴም የጎረቤቶቹን ቃል ታገኛላችሁ።

በ2018 ሲቪል ዋር ፎቶ ስሉዝ የሚባል በፊት መለያ ቴክኖሎጂ የሚሠራ ድረ ገጽ ተከፍቷል። ብዙ ሰው አግኝቷል። ነገር ግን ማሽኑ የሚሰጣችሁ ጥቆማ ነው። ጢም ያለው የ25 ዓመት ወጣት ሌላ ጢም ያለውን የ25 ዓመት ወጣት ይመስላል። ፊቱ ተመሳስሎ ማዕረጉ፣ ሬጅመንቱና የፎቶ ቤቱ ከተማ ካልገጠሙ ስም አትስጡት። የተሳሳተ ስም አንዴ ከተጻፈ ከሰው ሰው ሲተላለፍ እውነት ሆኖ ይቀራል።

ፎርጅድ እንዴት ይታወቃል?

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ማጉያ መነጽር ግዙ፤ ሌላ ምንም ባትገዙ እሱን ግዙ። ፎቶው ላይ የነጠብጣብ ረድፍ ካያችሁ ማተሚያ ቤት የወጣ ነው። ቲንታይፕ ከሆነ ደግሞ ዛሬም በድሮው ዘዴ ፎቶ የሚያነሡ ባለሙያዎች አሉ፤ የድሮውን ጦርነት መልሰው የሚተውኑ ሰዎችን ያነሣሉ። ሥራቸው ሐቀኛ ነው። ችግሩ ሦስተኛ ሰው ጋ ሲደርስ «የ1862» ሆኖ ይሸጣል። ሳህኑን፣ ማህደሩንና የናስ ክፈፉን አንድ ላይ እዩ። ክፈፉ ለዓመታት የተጫነበት ቦታ ምስሉ ጠርዝ ላይ አሻራ ይተዋል። አሻራው ከክፈፉ ቅርጽ ጋር ካልገጠመ አንድ ሰው አቀያይሮታል።

ከምስሉ በላይ የሚፈረጀደው ስም ነው። የማይታወቅ ወታደር በቁራጭ ወረቀት ላይ በተጻፈ ስም ዋጋው ብዙ እጥፍ ይጨምራል። የተገኘበትን ቤተሰብ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እንደሄደ ጠይቁ። ሻጩ የሚያውቀውን በጽሑፍ ለመስጠት ካንገራገረ እኔ አልገዛም። ዘለበት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ከጦርነቱ መቶኛ ዓመት ወዲህ ስፍር ቁጥር የሌለው ቅጂ ተሠርቷል፤ በአሲድ «አርጅቶ» የሚሸጥም አለ። እውነተኛው የሰሜን እንቁላል ቅርጽ ዘለበት ከስስ ናስ ተጨፍልቆ፣ ጀርባው በእርሳስ የተሞላ ነው። ከጀርባው የታዋቂ ጌጣጌጥ ቤት ስም የተቀረጸበት ከሆነ ለማታለል የተሠራ ነው።

ጥይት ላይ የጥርስ ምልክት አለ። የቆሰለ ወታደር ነክሶት ነው?

ታሪኩ ልብ ይነካል፤ ግን ብዙዎቹን ያኘኩት አሳማና ሌሎች እንስሳት ናቸው። የሁለቱም ጦር ዋና ጥይት ሚኒዬ የሚባለው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ ግርጌው የጎደጎደ እርሳስ ነው። የሰሜኑ መለኪያው 14.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ያልተተኮሰው ቅርጹን እንደያዘ ነው፤ የተተኮሰው ላይ በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ጭረቶች ምልክት ይኖራል። ወታደሮች ሥራ ሲፈቱ በቢላዋ ቀርጸው የቼዝ ጠጠር ያደረጉትም አለ። እኔ ከጥርስ ምልክቱ ይልቅ እሱን እወዳለሁ።

የድሮ የጦር ሜዳ ላይ መቆፈር ይፈቀዳል?

በፌዴራል መሬት ላይ አይፈቀድም፤ እንደ ጌቲስበርግና አንቲየተም ባሉት የታወቁ የጦር ሜዳዎችም ቢሆን። በ1979 የወጣው የአርኪዮሎጂ ሀብት ጥበቃ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነውን ዕቃ ያለ ፈቃድ መቆፈር፣ ማንሣትና መሸጥ ይከለክላል። የዕቃው ዋጋና የጉዳቱ ጥገና ከ500 ዶላር ካለፈ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ ሁለት ዓመት እስርና 20,000 ዶላር ቅጣት አለው። በብሔራዊ ፓርኮቹ ውስጥ የብረት መፈለጊያ ይዞ መገኘት ራሱ ያስጠይቃል። ክፍለ ግዛቶችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው።

በግል መሬት ላይ የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። በጽሑፍ ይሁን። ከዚያም እያንዳንዱ ዕቃ የት፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን አጠገብ እንደወጣ ካርታ ላይ አስፍሩ። አንድ ሬጅመንት የት ቆሞ እንደተኮሰ የሚነግረን የጥይቶቹ አቀማመጥ ነው። ከኪስ ወደ ባልዲ የተገለበጠ ጥይት ከእርሳስነት ሌላ የሚናገረው የለም። አጥንት ካገኛችሁ ደግሞ እጃችሁን አንሡና ፖሊስ ጥሩ።

የመድፍ ጥይት አገኘሁ። ቤት ላስገባው?

አይሆንም። አትንኩት፣ አታንቀሳቅሱት፣ ራቁና ለፖሊስ ደውሉ። ውስጡ ባዶ የሆነው ዓይነት ባሩድ ተሞልቶ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈም ባሩዱ ሊፈነዳ ይችላል። በ2008 ቨርጂኒያ ውስጥ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ጥይቶችን ሲያጸዳ የኖረ ሰብሳቢ ግቢው ውስጥ ሲሠራበት ፈንድቶ ሞተ። ልምድ ያለው ሰው ነበር። ከታወቀ ነጋዴ ስትገዙም ባሩዱ መውጣቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ጠይቁ።

ፎቶውን እንዴት ላጽዳው? የት ላስቀምጠው?

ፎቶውን አታጽዱ። ዳጌሮታይፕ በጥጥ ቢነካ ምስሉ ይጠረጋል፤ መልሶ አይመጣም። አምብሮታይፕ ላይ የመስታወት ማጽጃ ፈሳሽ ማድረግ ሰውየውን ማጥፋት ነው። ቲንታይፕን ማጠፍም ሆነ ዝገቱን መፋቅ ቫርኒሹን ከነምስሉ ያነሣዋል። ሊጸዳ የሚችለው ከፊት ያለው መሸፈኛ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱንም በልምድ ሰው እጅ።

አንድ ጥፋቴን ልናገር። ጀማሪ ሆኜ አንድ ማህደር «ለማየት» ከፈትኩ። ከሳህኑ ጀርባ የነበረ የተጣጠፈ ወረቀት እጄ ላይ ተፈረፈረ። ሁለት ፊደል ብቻ አነበብኩ። ምናልባት የሰውየው ስም ነበር። ዛሬም ያ ወታደር እኔ ጋ ያልታወቀ ነው። ስለዚህ ማህደር ስትከፍቱ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ፣ በየደረጃው ፎቶ አንሡ፣ የወጣው ቁራጭ ሁሉ ከሳህኑ ጋር ይቀመጥ።

ማስቀመጫው ቀዝቀዝ ያለ፣ ደረቅና ጨለማ ይሁን። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ መካከል ሳይዋዥቅ ቢቆይ ጥሩ ነው። ከአሲድ ነፃ ወረቀትና ፖሊስተር ከረጢት ተጠቀሙ፤ የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ይቅር። ፀሐይ ባለበት ግድግዳ ላይ የምትሰቅሉት ቅጂውን ይሁን። ለጥይት ደግሞ የኦክ ሳጥን አይሆንም። ያማረ ነው፤ ግን ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ እርሳሱን ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። እርሳስ መርዝ ስለሆነ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

የደቡብ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ፎቶ አየሁ። የደቡብ ወታደር ነበር?

በዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይነገራል። በጣም የሚታወቀው በ1861 ገደማ የተነሣው የአንድሩ ቻንድለርና የሳይላስ ቻንድለር ቲንታይፕ ነው። ሁለቱም የደንብ ልብስ ለብሰው፣ መሣሪያ ይዘው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ለዓመታት «ጥቁር የደቡብ ወታደር» ተብሎ ሲዞር ኖረ። አንድሩ የሚሲሲፒ ወታደር ነበር። ሳይላስ ግን የአንድሩ ቤተሰብ ባሪያ ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳ የሄደው እንዲያገለግል ተልኮ ነው። የደቡቡ ምክር ቤት ጥቁሮች ወታደር እንዲሆኑ የፈቀደው መጋቢት 13 ቀን 1865 ነው። የደቡቡ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ሊሰጥ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ጎራዴና ሽጉጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው። ልብሱና መሣሪያው ሰውየው ምን እንደነበር አይነግሩንም፤ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል።

በሰሜኑ በኩል 179,000 ያህል ጥቁር ወታደሮች ተሰልፈዋል። ፎቶአቸው ጥቂት ስለሆነ ዋጋው ከፍተኛ ነው። በሊልየንኲስት ስብስብ ውስጥ አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ጥቁር ወታደር ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር አለ። ለዓመታት «ያልታወቀ ወታደር» ተብሎ ቆይቶ ዛሬ ሃምሳ አለቃ ሳሙኤል ስሚዝ ተብሎ ተመዝግቧል።

የደቡቡን ዕቃ መሰብሰብ ነውር አይደለም ወይ?

ደቡቡ የተዋጋው ባርነትን ለማቆየት ነው። ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር የሰብሳቢ ግዴታ ነው። ፎቶውን መያዝና ዓላማውን መደገፍ አንድ አይደሉም። ዕቃውን «ለክብራቸው» ብሎ የሚያጅብ መግለጫ ግን አልጽፍም። የተነሣው ሰው ማን እንደነበር፣ የት እንደተዋጋ፣ ቤተሰቡ ባሪያ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ መዝገብ ላይ ያገኘሁትን ጽፌ አብሬ አስቀምጣለሁ።

ስብስቤን ብሸጥ ወይም ለሙዚየም ብሰጥ ምን ላድርግ?

ሙዚየም ሁሉን አይቀበልም። ደውላችሁ ጠይቁ፤ የወታደሩ የትውልድ አውራጃ የታሪክ ማኅበር ከትልቁ ሙዚየም ይልቅ ሊደሰትበት ይችላል። ስጦታውን በጽሑፍ አድርጉት። የምትሸጡ ከሆነ የአንድ ሰው ፎቶ፣ ደብዳቤና ዘለበት ለየብቻ ቢሸጡ የበለጠ ያስገኛል የሚል ነጋዴ ይመጣል። አትለያዩዋቸው። ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ከማን እንደገዛችሁት፣ መቼ፣ ስሙን በምን ማስረጃ እንዳገኛችሁ በእርሳስ ከአሲድ ነፃ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ማህደሩ ካለበት ሳጥን ውስጥ ክተቱት።